የኡና ፓስኮ ሳህን

«የገደላትማ መዥገር ነው» አለ የአምቡላንሱ ሠራተኛ፣ ጓንቱን እያወለቀ። «ዕድሜዋን ሙሉ ስለ መዥገር ስትሟገት ኖራ በመዥገር ሞተች። ምን ይባላል?»

ሳጅን ሞይራ ካስልስ በበረንዳው ጣውላ ላይ ተንበረከከችና ከሟቿ ቀኝ ጆሮ ኋላ ያለውን ሽበት በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገች። መዥገሩ እውነትም እዚያ ነበር። ግን ነጥቶ ደርቋል፤ ስትነካው አንድ እግሩን እንኳ አላነቃነቀም።

ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። መደርደሪያው ላይ የመዥገር ማቀዝቀዣው የብርድ መርጫ ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። በዚህ ጠረፍ ያደገ ሕፃን ሁሉ እንደሚያውቀው መዥገር አይነቀልም፣ አይጨመቅም። ሲነቅሉት ምራቁን በሰውየው ደም ውስጥ ተፍቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ባለበት አቀዝቅዘው ይገድሉትና በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ይተዉታል። የሞተ መዥገር ደግሞ ማንንም አይገድልም።

ዶክተር ሮዛሊንድ ትሬጊር ከዊላንዳራ ከተማ ዳርቻ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት ጫፍ ላይ፣ ብቻዋን ትኖር ነበር። ቅዳሜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የድንገተኛ ጥሪ ደውላለች። ስልኩን ያነሣችው ሴት የሰማችው ግን ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ብቻ ነው። አምቡላንሱ ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቶ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። አሁን እሑድ ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ከወዲሁ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያንቋቋ ነው።

የሟቿ ፊት አብጧል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ አንገቷ በሙሉ ሽፍታ ነው። በቀኝ እጇ አጠገብ ሁለት ወፋፍራም ብዕር የሚመስሉ የአድሬናሊን መርፌዎች ወድቀዋል። አለርጂ የሚሉት የሰውነት ቁጣ ጉሮሮን ሲዘጋ ጭን ላይ የሚወጉት፣ ነፍስ የሚመልሰው መርፌ ነው። ሞይራ የቀሚሱን ጫፍ ከፍ አደረገች። ጭኑ ላይ ሦስት ክብ የግፊት ምልክቶች አሉ። ሴትየዋ በሙሉ ኃይሏ ነበር የተጫነችው። ነገር ግን አንድም የመርፌ ቀዳዳ፣ አንድም የደም ጠብታ የለም።

ሞይራ አንዱን መርፌ አንሥታ ከወለሉ ላይ ተጫነችው። ቋ አለ። ምንም አልወጣም። በላዩ የተለጠፈውን፣ የዶክተሯ ስም ያለበትን የመድኃኒት ቤት ወረቀት በጥፍሯ ላጥ ስታደርገው ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ለመለማመጃ ብቻ»።

«ይህን እንኳ መዥገር አያደርገውም» አለች።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ማጠቢያው ውስጥ አራት የሻይ ሲኒዎች አሉ። በበረንዳው ጠረጴዛ ላይ፣ ከዝንብ መከላከያው መረብ ሥር፣ አንድ ትልቅ ሳህን ቀርቷል። ሳህኑ ላይ የረጠበ ብስኩት በቀይና ነጭ ኩሬ መካከል ተንሳፍፏል። የጄሊ ኬክ ነበር። ሞይራ ሳህኑን በጥንቃቄ ከፍ አድርጋ ከሥር አየችው። በዊላንዳራ ለሻይ የተጠራ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ ይመጣል፤ እንዳይቀየርበትም በፕላስተር ላይ ስሙን ጽፎ ከሥሩ ይለጥፋል። ፕላስተሩ ላይ «ፓስኮ» ይላል።

በመጨረሻ ከጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ሰኞ ስለ መዥገር በሽታ ለሚያጣራው የፓርላማ ኮሚቴ ሊነበብ የተዘጋጀውን ወረቀት አገኘች። ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

*

ሞይራ ነርስ ጃሲንታ ብራይዝን በዶክተሯ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል፣ በሽተኞች ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዐይኗ ቀልቷል፤ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትናገረው። ቅዳሜ ዘመድ ጋር ስለነበረች ዶክተሯ ቤት በነበረው ሻይ ላይ አልተገኘችም። ስለ ዶክተሯ ሕመም የነገረቻት እሷ ናት። ከሰባት ዓመት በፊት መዥገር ከነከሳት ወዲህ የዶክተሯ ሰውነት የበሬም፣ የበግም፣ የአሳማም ሥጋ አይቀበልም። ዓሣና ዶሮ ትበላለች። ጮማ ያለበት ድስት እንኳ አይነካላትም፤ ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣው፣ ጄሊ የሚያረጉበት ጄላቲን የሚባለው ዱቄትም ያው ነው።

«ክፋቱ ወዲያው አለመምጣቱ ነው» አለች ጃሲንታ። «በልተው አራት አምስት ሰዓት ሰላም ነዎት። ከዚያ ሲረሱት ይይዝዎታል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለእሳቸው ሲባል በየድግሱ ለብቻ መጥበሻ ነበር።»

«የመለማመጃ መርፌውስ የማን ነው?»

ነርሷ አስታማሚዎችን ለማስተማር ክሊኒኩ የገዛቸው መሆኑን፣ ስድስት እንደነበሩና ለበሽተኞች ማኅበር አባላት መከፋፈላቸውን ነገረቻት። ኡና ፓስኮ ጋ ሁለት፣ ግሬም ሶውተር ጋ ሁለት፣ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ሁለት። ሞይራ መሳቢያውን አስከፈተች። ሁለቱም ነበሩ።

«ሰሞኑን እንግዳ ነገር አላየሽም?»

«እንግዳ?» ጃሲንታ ትንሽ አሰበች። «ዐርብ ዕለት ግሬም መጥቶ የሚስቱን የሎርናን አንቲባዮቲክ የሁለት ወር ባንድ ጊዜ ስጪኝ አለ። ጉሉኮሱንም ጭምር። ሁልጊዜ በየሳምንቱ ነበር የሚወስደው። መንገዱ በጎርፍ ሊዘጋ ይችላል አለኝ። በዚህ ድርቅ። ሳቅሁበትና የሁለት ሳምንት ሰጠሁት።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «አሁንማ እሱም ያልቅና ሎርናን ፈቅዶ የሚያክማት ሐኪም በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ውስጥ የለም።»

*

ዶክተር አኑራ ዊክረማ ከወረዳው ሆስፒታል ተጠርቶ መጣ። በዶክተር ሮዛሊንድ ላይ ሁለት ጊዜ ለሐኪሞች ቦርድ ክስ ያቀረበ ሰው ነው። ቅዳሜ ግን ከሱቅ የገዛውን ብስኩት ይዞ ሻይዋን ጠጥቷል።

«ጠላቷ አልነበርክም?» አለችው ሞይራ።

«ነበርኩ። በክንድ ሥር በተቀበረ ቱቦ ወር ሙሉ፣ ዓመት ሙሉ አንቲባዮቲክ መስጠት ሰው ይገድላል። አንዷን በሽተኛዋን ደሟ ተመርዞ እኔ ነኝ ያዳንኳት።» መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ግን እኔስ ምን ሰጠኋቸው? ጤና ቢሮው ይህ ከመዥገር የሚመጣው የላይም በሽታ በዚህ አገር የለም ይላል። ስለዚህ ከአገር ያልወጣ ሰው አይመረመርም። ስለማይመረመር የተገኘበት የለም። የተገኘበት ስለሌለ በሽታው የለም። በሽተኛው ያንን ቃል ከአፉ ካወጣ እኛ ጋ ፋይሉ ይዘጋል። እሷ ጋ ሲሄድ ደግሞ ደሙን ባሕር ማዶ ትልክለታለች፣ አዎ አለብህ ተብሎ ይመለሳል።»

«ረቡዕ ደወለችልህ አይደል?»

ሰውየው ደነገጠ። ሞይራ ለኮሚቴው በተዘጋጀው ወረቀት ላይ ካለው ማስታወሻ አይታው ነበር። አዎ፣ ደውላለች፤ ልትሰድበኝ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን የዐሥራ አንድ ጤነኛ ሰዎችን ደም፣ የፖስታ አዳዩንና የራሷንም ጨምራ፣ በታማሚ ስም ወደዚያ የባሕር ማዶ ቤተ ሙከራ እንደላከች ነገረችው። የዘጠኙ «አለበት» ተብሎ ተመልሷል። ሰኞ በሕዝብ ፊት ልትናገረው ነው።

«ሌላስ ምን አለችህ?»

«ሌላ የለም» አለ። ቀኝ እጁ ግን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሄዶ ተመለሰ። ሞይራ አየችው።

«ሻይው ላይ ምን በላች?»

«ያንን የጄሊ ኬክ። ሁለት ቁራጭ፣ ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ። ነገሩን ተናግራ ጨርሳ፣ ሁሉም ተቆጥቶባት፣ እሷ ብቻ ነበረች የምትበላው። ኡናን ልታባብል ይመስለኛል። ‹ዛሬ ለስላሳ ሆኖልሻል› አለቻት። ኡና ፊቷን አዞረች።»

*

ኡና ፓስኮ በሩን ከፍታ ሳጅኗን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«የኪት ካስልስ ልጅ አይደለሽም? አባትሽን አውቀዋለሁ። ዓሣ ማጥመድ የማይችል ዓሣ አጥማጅ።»

«እሱው ነው።»

«ግቢ እንግዲህ፣ ልጄ። ልታስሪኝ ከሆነ ግን ዶሮዎቼን የሚያበላ ሰው ፈልጊ።»

ኡና የሰባ ዓመት ሴት ናት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ መኪና መንዳት ከተወች ቆይታለች። የበሽተኞቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። ግድግዳው ላይ የልጇ የዴክላን ፎቶ አለ። ዴክላን በሃያ አራት ዓመቱ ነው የሞተው። ሦስት ዓመት እግሩ አልታዘዝ ብሎት፣ ሦስት ሆስፒታል «ጭንቀት ነው» ብሎ መልሶት፣ አንድ ቀን ወደ ባሕሩ ገብቶ አልወጣም። የባሕር ማዶው ወረቀት ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ደረሰ፦ «ላይም አለበት»። ኡና ወረቀቱን ፍሬም አስደርጋ ከፎቶው ጎን ሰቅላዋለች።

«ቅዳሜ ሮዛሊንድን ምን አልሻት?»

«ልጄን ሁለተኛ ልትገድዪው ነው አልኳት። ብያለሁ። ሁሉም ሰምቷል።» ወደ ፎቶው ዞረች። «ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ ኬክ ልሠራላት? በጥፊ ነበር የምላት። እዚያ ተቀምጬ ነው ዱብ ያደረገችብኝ።»

ሞይራ ኬኩ በምን እንደረጋ ጠየቀቻት። ኡና ቁምሳጥኑን ከፍታ ግማሽ የቀረ ጥቅል አወጣች፤ ከባሕር አረም የሚሠራ ማርጊያ ነው፤ ከከብት ምንም የለበትም። ለሮዛሊንድ ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራችላት በዚህ ነው። ሌላ ማርጊያ በቤቷ የለም፤ ሁለቱ የመለማመጃ መርፌዎቿም እዚያው ቁምሳጥን ውስጥ አሉ። ዐሥራ ሁለት ቁራጭ ቆርጣ፣ ዐሥራ ሁለቱንም ሳህኗ ላይ ደርድራ ነው የወጣችው።

«ለሌላ ሰው የላክሽው የለም?»

«ለማን ብዬ?»

«ማን ወሰደሽ?»

«ግሬም ነዋ፣ በፒካፑ። ሁልጊዜ እሱ ነው። በእሱ ቤት በኩል ዞርን፤ የሎርናን ጉሉኮስ መቀየር ነበረበት። ዐሥር ደቂቃ መኪናው ውስጥ ጠበቅሁት። ኬኩን ሙቀት እንዳያበላሽብሽ ብሎ ከነበረዶ ሣጥኑ ይዞት ገባ።» ቁምሳጥኑን ዘጋች። «እንደ ግሬም ያለ ባል ለጠላቴም እመኛለሁ። ስድስት ዓመት። አንድ ሌሊት ከአጠገቧ አልራቀም።»

ወደ በሩ ስትሸኛት ኡና የሳጅኗን ክንድ ያዘች። «ያ ወረቀቷ አንቺ ጋ ነው?»

«አዎ።»

«ቅደጂው።»

*

የሶውተሮች ቤት ከአሮጌው የእንጨት መሰንጠቂያ በላይ ነው። ግሬም ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣት መጋዝ ወስዶበታል። በቀሩት ጣቶቹ የሚስቱን ቱቦ እንደ ነርስ አድርጎ ያጥባል። ሞይራ ሲያደርገው ቆማ አየችው።

የሮዛሊንድን ሐሳብ መቼ እንደሰማ ጠየቀችው።

«ቅዳሜ። እንደ ሰው ሁሉ።» ቀና አላለም። «አዘንኩ። ግን ሮዛሊንድ ጥሩ ሴት ነበረች፤ ለእኛ ያደረገችውን እግዜር ነው የሚያውቀው። ሻይው እንዳለቀ ተነሥቼ መጣሁ። ሎርና ብቻዋን ነበረች።»

ሎርና ሶውተር ትራስ ተደግፋ ተኝታለች። ፊቷ ከአንሶላው አይለይም፤ አፏ ግን አልታመመም። «ሳጅን ነሽ? እኔን አትጠርጥሪኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያለሁበትን የሚመሰክር አልጋ አለኝ» አለች። ሞይራ ሳቀች፤ በዚያ ቀን የሳቀችው አንዴ ነው። ግሬም ውጭ ልብስ ሊያሰጣ ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ሎርና የናፈቃት ወሬ ነበር። ማራገቢያው ከተበላሸ ሳምንቱ ነው አለች። ሮዛሊንድ ሐሙስ መጥታ ቱቦዋን እንደቀየረችላት፣ ከዚያ ከግሬም ጋር ወጥ ቤት ገብተው ረጅም ሰዓት በሹክሹክታ ሲያወሩ እንደነበር ነገረቻት። ሮዛሊንድ ስትወጣ ዐይኗ እርጥብ ነበር።

«ስለ ምን ነበር አልኩት። ስለ ቱቦው ነው አለ። ከዚያ ወደ ሱቅ ሄደ።» ሎርና ፈገግ አለች። «ቅዳሜ ማታ ደግሞ የኡናን ኬክ ይዞልኝ መጣ፣ ኡና ናት የላከችልሽ ብሎ። እኔ መብላት ላይ ቀርፋፋ ነኝ፤ በዚህ ሙቀት ሁለት ሰዓት ሙሉ ኬኩ አጠገቤ ቆሞ እንደ ጡብ ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ። የመጨረሻዋን ቁራጭ ቆጥቤያታለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ናት፤ እንዳትነኪብኝ።»

«አልነካም» አለች ሞይራ። ውሃ ልቅዳ ብላ ፍሪጁን ከፈተች። ቁራጩ በትንሽ ሳህን ላይ አለ። ከሎርና ራስጌ፣ ከአንቲባዮቲኩ ጎን፣ ወረቀታቸው የተላጠ ሁለት የአድሬናሊን መርፌዎች ተቀምጠዋል፤ ሙጫው ገና ይጣበቃል። ሞይራ ጎናቸው ላይ የታተመውን ቁጥር አንብባ በልቧ ያዘችው። የመለማመጃዎቹን ግን በቤቱ ውስጥ አላየችም።

*

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት፣ ሮዛሊንድ ትሬጊር በከተማው አዳራሽ መናገር በነበረባት ሰዓት፣ ሁሉም በሶውተሮች ሳሎን ተሰበሰቡ። ግሬም ሚስቱን ትቶ መውጣት ስለማይችል ነው ቦታው ይህ የሆነው። ኡና አንዱን ሶፋ ብቻዋን ይዛለች፤ ዶክተር አኑራና ጃሲንታ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል። ሞይራ የመኝታ ቤቱን በር ልትዘጋ ስትል ሎርና ከውስጥ ተናገረች፦

«የሞተችው የእኔም ሐኪም ናት። ክፍት ይሁን።»

ሞይራ ከፍሪጁ ሁለት ትንንሽ ሳህኖች አውጥታ መስኮቱ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። በእያንዳንዱ ላይ አንዳንድ ቁራጭ የጄሊ ኬክ አለ፣ ቀይ ከላይ፣ ነጭ ከመካከል።

«አንዱን ትናንት እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። «ስለ ጣዕሙ አትጠይቁኝ። ሁለተኛው ሎርና የቆጠበችው ነው። ይቅርታሽን፣ ሎርና። ለጊዜው ይቀመጡ።»

ከዚያ ቀስ ብላ ጀመረች። መዥገሩ ሮዛሊንድን እንዳልገደላት፣ ራሷ ቀድማ በብርድ ገድላው እንደነበር ነገረቻቸው። ጭኗ ላይ ስላሉት ሦስት ምልክቶች ነገረቻቸው። ኡና ዐይኗን ጨፈነች።

«ሦስት ጊዜ ተጭናዋለች። መርፌው ባዶ መሆኑን ሳታውቅ። የራሷ ስም የተለጠፈበት የመለማመጃ መርፌ ነበር። ስለዚህ አደጋ አይደለም፤ ሰው ነው የቀየረው። መርፌዎቿ ከበሩ ጎን በከረጢት ተሰቅለው ነው የሚኖሩት። የገባ ሁሉ ሊነካቸው ይችላል። መርፌውን የቀየረ ሰው ደግሞ ሕመሙ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ምክንያቱም ያመጣው እሱ ነው።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ከያዛት» ብላ ቀጠለች፣ «የበላችው አራት ሰዓት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ነው። ሻይው ላይ። የበላችው ደግሞ ኬኩን ብቻ ነው።»

«የኔን ኬክ» አለች ኡና። ድምጿ ደረቅ ነበር። «በይ ጨርሺው። ስሜ ከሥሩ ተጽፏል።»

«ሳህኑ ያንቺ ነው። ኬኩ ግን አይደለም።» ሞይራ ወደ ጠረጴዛው አመለከተች። «ተመልከቱ።»

አንደኛው ቁራጭ ጠርዙ ረግቦ ነበር። ቀዩ ጄሊ በነጩ ላይ እንደ ላብ ይወርዳል። ሌላው ከፍሪጁ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«የሚቀልጠው የእኔ ነው፤ በጄላቲን የተሠራው። በባሕር አረም የረጋ በዚህ ሙቀት አይቀልጥም። በሮዛሊንድ በረንዳ ላይ ያገኘሁት ሳህን ግን ኩሬ ሆኖ ነበር። እሷም ስትበላ አስተውላዋለች፤ ‹ዛሬ ለስላሳ ሆኖልሻል› ብላለች። ሰባት ዓመት ለስላሳ ሆኖ አያውቅም። ኡና የባሕር አረሙን ኬክ ይዛ ከቤቷ ወጣች፤ ሮዛሊንድ ቤት የደረሰው ሌላ ነው። በመንገድ ላይ ሳህኑ ከኡና ዐይን የተሰወረው ለዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው፣ በዚህ ቤት ውስጥ። ኡና የላከችው ነው የተባለው ኬክ ደግሞ የዚያኑ ዕለት እዚህ አልጋ አጠገብ ሁለት ሰዓት ቆሞ አልቀለጠም። ያውና አሁንም ቆሟል።»

ግሬም ሁለቱን ሳህኖች ያያል።

«ቅዳሜ ሰማሁ አልከኝ፣ ግሬም። ግን ሐሙስ ነግራሃለች። ዐርብ የሁለት ወር መድኃኒት ልትወስድ ሄድክ። ኡና ያወቀችው ኬኳ ሳህን ላይ ከሆነ በኋላ ነው፤ አስቀድማ ልታዘጋጅ አትችልም። ዶክተር አኑራ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ እሱ ግን ንግግሩን የሚፈልገው ሰው ነው። መርፌዎቿም ያው ሎርና ራስጌ ናቸው። ቁጥራቸው በሮዛሊንድ ቤት ካገኘሁት የመርፌ ባዶ ካርቶን ጋር አንድ ነው። ባሕር ውስጥ ብትጥላቸው ኖሮ፣ ኬኩን ለዶሮ ብትሰጠው ኖሮ፣ እኔ ዛሬም ከኡና ጋር እከራከር ነበር። ግን ለሎርና የሚሆን ነገር መጣል አትችልም።»

ግሬም ሲናገር ለሞይራ ሳይሆን ለወለሉ ነው።

«አራት ሆስፒታል ይዣት ዞሬያለሁ። አንዱ ሐኪም ልጅ ባለመውለድሽ ከፍቶሽ ይሆን አላት፣ እኔ ፊት። ያ ወረቀት የመጣ ዕለት አለቀሰች። እብድ አይደለሁም ግሬም አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነው መብላት የጀመረችው።» ጎዶሎ እጁን በሌላው ሸፈነ። «ሐሙስ ሮዛሊንድ ወረቀቱ ውሸት ነው አለችኝ። መድኃኒቱም ይቆማል አለች። ሌላም ልትነግረኝ ፈልጋ ነበር፤ አልሰማኋትም። ጆሮዬ ጩኸት ብቻ ነበር። ሰኞ ከተናገረች ሎርና ትሞታለች ብዬ ነው። ሌላ አላሰብኩም።»

ዶክተር አኑራ ተነሣ። እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ገባና አንድ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ወጣ።

«ረቡዕ የደወለችልኝ ለዚህ ነው» አለ፣ ሞይራን ሳያያት። «ትናንት ልሰጥሽ ይገባኝ ነበር። ቦርዱን ፈራሁ። በሁለታችን ስም የተፈረመ ነው። ሎርና ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል እንድትገባ፣ ሁሉም ነገር ከሥር መሠረቱ እንዲመረመር።» አነበበው። «‹የበሽታውን ስም አላውቅም። በሽታ መሆኑን ግን አውቃለሁ። ስም እስኪገኝ በሩ እንዳይዘጋባት።›»

ግሬም ቀና አለ። «ለምን አልነገረችኝም?»

«ቅዳሜ ከሻይ በኋላ ሁለታችን ልንነግርህ ነበር። አንተ ግን ተነሥተህ ሄድክ።»

የሞይራ ቁራጭ ተደርምሶ ከሳህኑ ወደ ጠረጴዛው መንጠባጠብ ጀምሯል።

ግሬም ለፖሊሱ ሁለት እጁን ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነ። ሰዓቱ ደርሷል፤ ሎርናን ወደ ግራ ጎኗ ላዙራት አለ። ሞይራ ራሷን ነቀነቀች። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ሚስቱ ተናገረች።

«ግሬም። ቅዳሜ ማታ ኬኩን ስበላ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። ሰዓትህን ታይ ነበር።»

ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ጃሲንታ» አለች ሎርና፣ «ነይ አዙሪኝ።»

ፖሊሱ ግሬምን ይዞት ወጣ። ኡና ከሶፋው በጭንቅ ተነሥታ እጇን ወደ ሞይራ ዘረጋች።

«ወረቀቷን ስጪኝ።»

«እንድትቀድጂው?»

«አዳራሹ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍት ነው። መነጽሬን ይዣለሁ።» ቅጂውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ዴክላን ላይም ኖረበት አልኖረበት፣ ታሞ ነበር። እሱን ደግሞ እኔ እጨምርበታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አምቡላንሱ ሎርናን ወደ ወረዳው ሆስፒታል አደረሳት። ሞይራ ኋላ ኋላ በመኪናዋ ተከተለች፤ ሥራዋ አልነበረም። የመዝገብ ክፍሏ ወጣት ቅጹን ስትሞላ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ጠየቀች። አብሯት ያለ ሰው? አለች። ሎርና ጣሪያውን እያየች «የለም» አለች። ልጅቷ ወደሚቀጥለው መስመር ወርዳ እስክሪብቶዋን አቆመችና ዶክተር አኑራን ቀና ብላ አየችው።

«የበሽታው ስም ምን ልበል?»

«ባዶ ተዪው።»

«ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አያሳልፈኝም፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ቅጹን ወስዶ በእስክሪብቶ ፈረመበት። ከዚያ የአልጋውን ፍሬን በእግሩ አላቀቀና ራሱ እየገፋ ይዟት ገባ።